ሃያ ስድስተኛው ብሎን

ሰኞ፣ 3

የሰፈራችን አስተማሪ መኪናዋን ዛሬ ሱቃችን አመጣችው። ሸራ ለባሽ የድሮ የገጠር መንገድ መኪና ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው፣ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም የማያንስ። ከኋላ ሁለት አግዳሚዎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ቀበቶ የሚባል ነገር በዘሩ አልነበረበትም።

አራት አዳዲስ ወንበሮች ገዝታ ጭናበት መጥታለች፤ ለየትኛውም መኪና ይሆናሉ ተብለው የሚሸጡትን። «አራቱም ወደ ፊት እንዲያዩ፣ አራቱም ቀበቶ እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ» አለች። ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ተራራውን ልትሻገር ነው፤ ማዶ ካለ ትምህርት ቤት ተመድባ፣ የሚከራይ ቤት ልታይ። ትንሿ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ወንበሮቹ ከላስቲካቸው ሳይወጡ አንዱ ላይ ወጥታ «ይሄ የኔ ነው፣ ከእማዬ ኋላ!» ብላ ተደላደለች።

እናትየዋ ወደ ባለቤቴ ዞራ «ጋሼ ጥብቁ፣ እርስዎ ካልሠሩልኝ ለማንም አልሰጥም» አለችው። ጥብቁ ብለው ያወጡለት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ እሱ ያጠበቀው ብሎን አይላላም ለማለት። ደስ ብሎት ፈገግ አለ። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ከምሰፋበት መኪናዬ ኋላ ሆኜ ስፌቱን አጣመምኩት።

ለዚህ ደብተር ካልሆነ ለማን እነግረዋለሁ? ካለፈው ወር ጀምሮ ነገሩ ደህና አይደለም። ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፉን ይፈልጋል። ትናንት ልጃችን ደውሎ ሲያወሩ ቆይተው፣ ስልኩ ከተዘጋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ይሄ ልጅ ምነው ድምፁ ጠፋ?» አለኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከታወቀ የልጅ ነፍስ የሚይዝ ቀበቶ ማን ያሠራዋል? ሥራውን ካጣ ደግሞ እሱን ራሱን ማጣቴ ነው፤ የዚህ ሰውዬ ግማሹ ያለው እጁ ላይ ነው።

ደብተሩን ከስፖንጅ ቁርጥራጩ ከረጢት ውስጥ እደብቀዋለሁ። እዚያ እጁን አይሰድም።

ረቡዕ፣ 5

አግዳሚዎቹ ወጡ። ከሥራቸው ያለው የወለል ላሜራ በዝገት ተበልቶ ጣት ያሾልካል። የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለና አዲስ ወፍራም ላሜራ በየደ። ከሥር በኩል ደግሞ ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን ዳዶዎች አንድ በአንድ በየዳቸው። እጁ አንዴ እንኳ አላመነታም። አጠገቡ ቆሜ ሳየው ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

ከዚያ «ስንት ወንበር ነው ያልሽኝ?» አለ። አራት አልኩት። ምሳ በልተን እንደጨረስን «ስንት ወንበር ነው?» አራት። ገና አሁን እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለስኩለት። እንዲህ ያለሁ አስመሳይ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ 7

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ጎማ እየለጠፈ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት። «ጥብቁ ላላ መሰለኝ! የተዋስኩትን የመኪና ማንሻ ክሪክ ትናንት መልሼለት፣ ዛሬ ደግሞ ክሪኬን አምጣ ብሎኝ መጣ።» ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሲቀልድባችሁ ነው እንጂ! ጨዋታውን አታውቁትም?» አልኳቸው።

ገብቼ መስፋት ጀመርኩ። ባሌ ላይ ሲሳቅ እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ሆንኩ።

ሰኞ፣ 10

ብሎን ልግዛ ብሎ ወጥቶ ቀረ። ሁለት ሰዓት። መንታ መንገዱ ላይ፣ ሜትሩን በእጁ ይዞ፣ ወደየትም ሳይሄድ ቆሞ አገኘሁት።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ንፋስ ልቀበል ነዋ።»

እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛው የሱ እጅ ይሁን የኔ አላወቅኩም። ብሎኖቹን እኔ ገዛሁ፤ ሃያ ስድስት፣ ከጠንካራዎቹ። ሻጩን ሁለት ጊዜ አስቆጠርኩት። ፍርሃቴ ከሻጩም ጋር ያጨቃጭቀኝ ጀምሯል።

ሐሙስ፣ 13

አሠራራችንን ልጻፈው፣ ምናልባት እጄ ሲጽፍ ልቤ ይረጋ እንደሆነ።

እሱ ብሎኑን መጀመሪያ በጣቱ ያስገባል። ቀጥሎ ቺያቤ በምንለው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ ያጠብቃል። ቺያቤው ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ያኔ እኔ ከስፌቴ ተነስቼ በቀጭን ብሩሽ፣ ከብሎኑ ራስ እስከ ወለሉ፣ አንድ ነጭ መስመር እስባለሁ። ብሎኑ አንድ ቀን ዞር ቢል መስመሩ ይሰበራል፤ ያየ ሁሉ ያውቃል። ሕጋችን አንድ ነው፤ ቀጭ ሳይል ቀለም አይነካም። ሃያ ስምንት ዓመት አንዳችንም አፍርሰነው አናውቅም።

ዛሬ የወንበሮቹ አሥራ ስድስት ብሎኖች አለቁ። እጄ የወንበር ልብስ ይሰፋል፣ ጆሮዬ እሱ ጋ ነው። አሥራ ስድስት ቀጭ፣ አሥራ ስድስት መስመር። የቀሩት የቀበቶዎቹ አሥር ናቸው፤ ለፊቶቹ ሦስት ሦስት፣ ለኋላዎቹ ሁለት ሁለት።

እንደ እስር ቤት ዘበኛ እየቆጠርኩበት ነው። ቢያውቅብኝ ይቀየመኛል፤ እውነትም አለው።

ቅዳሜ፣ 15፣ ከሰዓት በኋላ። እሱ ተኝቷል

ሄዱ። መኪናው ወጣ። አሁን ነው መተንፈስ የቻልኩት።

አስተማሪዋ ከተቀጣጠርንበት ቀድማ መጣች፣ ልጆቿን አስከትላ። ሥራው አላለቀም ነበር። በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ሃያ አምስተኛው ቀጭ አለ፣ ቀባሁት። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ በትንሿ ወንበር በስተግራ ያለው የቀበቶ ብሎን። እሱ ቺያቤውን አነሳና ቆመ። አገላበጠው። ከሰው ቤት የተገኘ ዕቃ ነው የመሰለው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያ ፊት! አፉ ሊከፈት ሲል አየሁ፤ «ይሄ ምንድነው?» ሊለኝ ነው፣ እዚያው አስተማሪዋ ፊት፣ ሦስት እርምጃ ላይ። 

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት በጩኸት፣ ሳቅ ጨምሬ። «ከጠዋት ጀምሮ አላረፍክም። በል እጅህን ታጠብና ሻይህን ጠጣ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።» ለአስተማሪዋ ደግሞ «ካልቆጡት ማረፍ አያውቅም» አልኳት። ሳቀች። እሱ ቺያቤውን አስቀመጠና እሺ ብሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሥራዬን አታስተጓጉይኝ» ይለኝ ነበር። እሺ ማለቱ አንጀቴን በላው።

ቶሎ ብዬ ተንበረከክኩ። ብሎኑን በጣቴ አስገባሁት። አስተማሪዋ የወንበሩ ልብስ በውሃ ይታጠብ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ ትንሿ ደግሞ ቀበቶው ሆዷን ያሳምማት እንደሆነ። ለሁለቱም እየመለስኩ፣ ብሩሹም እጄ ላይ ስለነበር፣ ነጩን መስመር ሳብኩ። ማጣበቂያውን ማስቲሽ ቀባሁ፣ የወለሉን ምንጣፍ፣ ሞኬቱን፣ አለበስኩ፣ በመዳፌ ጨፈለቅኩት። ወለሉ አዲስ ቤት መሰለ። ትንሿ ወጥታ ተቀመጠች፣ እናቷ አሰረቻት፣ ሳብ ሳብ አደረገችው። ያዘ።

«እጃችሁ ይባረክ!» ብላ ነገ ማለዳ እንደሚነሱ ነገረችኝ።

ማንም አላየም። ማንም አላወቀም። ዛሬ ባሌን አድኜዋለሁ።

እሑድ፣ 16

የሥራ ኮቱን ላጥብ ስል ከኪሱ ብሎን ወጣ። ከአውራ ጣቴ ረዘም ይላል፣ በዘይት ተወልውሏል፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እኔ የገዛኋቸውን ይመስላል፤ ራሱ ጠቆር ይላል እንጂ።

 የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አንዱን ሳያስገባ ኪሱ ከቶታል ማለት ነው። ቀጭታውን መልሼ በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ አምስት። ሃያ አምስት ነው የሰማሁት! አንድ ጎድሏል። የቱን ነው የዘለለው? የፊቱን? የትልቋን? እኔስ ባዶ ቀዳዳ ላይ ነው እንዴ ቀለም የቀባሁት? ሞኬቱ ሁሉንም ሸፍኖታል። እነሱ ደግሞ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተዋል።

ደወልኩ። የአስተማሪዋ ስልክ አይመልስም።

ሰኞ፣ 17

ደወልኩ። የለም። ተራራው ላይ ስልክ አይሠራም ይላሉ።

ደወልኩ።

የአንድ ወንበር ልብስ ገልብጬ ሰፋሁት፤ መልሼ ፈታሁት።

ማክሰኞ፣ 18

ቀስ ብዬ፣ ለጨዋታ አስመስዬ ጠየቅኩት። «የአስተማሪዋን መኪና ሁሉንም ብሎን አስገብተሃል አይደል?»

«የየቷ አስተማሪ?»

ብሎኑን ላሳየው አልደፈርኩም። ካየው ይገባዋል፤ ከገባው ይሰበራል። ባይገባውስ? ያኛው የበለጠ ያስፈራኛል። በጉርድ ቀሚሴ ኪስ ይዤው እዞራለሁ፣ ሲከብደኝ ይውላል።

ረቡዕ፣ 19

ቤቷ ሄድኩ። ጎረቤቷ ዓርብ ትመለሳለች አለችኝ። «ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ? ፊትዎ ጠቁሯል» ስትለኝ፣ የረሳችው ዕቃ አለ ብዬ ዋሸሁ። መንገድ ላይ ስመለስ ሕፃን የያዘች መኪና ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ለልጃችን ልደውልለት ስልኩን አነሳሁ። አባትህ ይረሳል ብል ሐኪም ቤት ውሰጂው ይለኛል። አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ አብሬው ተንበርክኬ ብቆጣጠረው ምን ነበረበት? ሃያ አምስቱን ሁሉ ልነካው እችል ነበር። ባለቤቴን እንደማምነው አስመስዬ፣ ሥራውን ግን ሳላየው አሳለፍኩ። ጥፋቱ የኔም ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ኪሱን አስታውስና እሱ ላይ እናደዳለሁ።

ዓርብ፣ 21

ተመለሰች። ብቻዋን መጣች። ከመኪናው ስትወርድ እጇ ላይ የቀበቶ ጫፍ ይዛለች።

«ልጄ እኮ ናት!» ነው ያለችው መጀመሪያ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ተንዶ መንገዱን ዘግቶ አገኘችው። ፍሬን ያዘች። ሦስቱ ቀበቶዎች ያዙ። የትንሿ በአንድ ወገን ተነቅሎ ወጣ፣ ልጅቷ ከፊቷ ካለው ወንበር ጋር ተጋጨች። ቅንድቧ ላይ አምስት ቦታ ተሰፍታለች። ሐኪሙ «ዓይኗን በጣት ስፋት ነው የሳታት» ብሏታል። ይህን ስትነግረን በጣቷ አሳየችን። 

ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ገባና ሞኬቱን ገሸለጠው። ከዳር እስከ ዳር። አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየነካ፣ ነጩን መስመር እያየ ሄደ። ከፊት ጀመረ። ሁሉም አለ። ሁሉም ቦታው ነው፣ አንዱም መስመር አልተሰበረም። እኔ ባዶውን ቀዳዳ እጠብቃለሁ። ሃያ አምስት ሆነ። መጨረሻ ላይ፣ በትንሿ ወንበር በስተግራ፣ ሞኬቱ ሥር አንድ ብሎን ተጋድሞ ተገኘ። ራሱ ላይ ነጭ ቀለም አለበት።

አንስቶ ጥርሱን አየው። «ይሄ አልጠበቀም። በጣት ነው የገባው» አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። በጣት። የማን ጣት እንደሆነ፣ ምን እያወራሁ እንደነበር፣ ቺያቤው የት እንደተቀመጠ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ሃያ አምስት ቀጭ የሰማሁት እሱ ስለዘለለ አይደለም። ሃያ ስድስተኛው የኔ ነበር፣ እኔም ቺያቤውን አልነካሁትም። እውነት ያን ቀን አላወቅኩም ነበር ልበል? ስድስት ቀን ሙሉ የቆጠርኩት የሱን እጅ ብቻ ነው።

አፌን ከፈትኩ።

እሱ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ» አላት። «ረስቼው ነው። ሰሞኑን እረሳለሁ።»

ያውቃል። እየረሳ መሆኑን ያውቃል፤ ከኔ ሲደብቅ ነው የከረመው። አስተማሪዋ አየችው። ንዴቷ ከፊቷ ላይ ወርዶ ሌላ ነገር መጣ፣ ያ ደግሞ ከንዴቱ የከፋ ነበር። «ጋሼ፣ ይረፉ እንግዲህ። ይበቃዎታል» አለችው። ለኔ ደግሞ «እትዬ፣ እያወቁ ለምን ያሠሯቸዋል?» መኪናውን ሌላ ሰው እስክታሳየው እዚህ ትታው ሄደች።

እኔ ዝም አልኩ። ምላሴ አልታሰረም። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።

እሷ ከሄደች በኋላ ከኪሴ ያንን ብሎን አውጥቼ ሰጠሁት። ገና ሲነካው አወቀው። «ይሄማ የአሮጌው አግዳሚ ነው፣ ጥርሱ ሰፋፊ ነው። የአባቷ መታሰቢያ ነው ብዬ ልሰጣት ወልውዬው ነበር። የት አገኘሽው?»

እሑድ፣ 23

ቺያቤውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ትናንት ሱቅ አልመጣም፣ ዛሬም ከአልጋው አልተነሳም። «ሰው ልገድል ነበር» ይላል ግድግዳውን እያየ።

ጎሚስታው ብቅ ብሎ «ጋሼ አሟቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ 25

ነገርኩት። ምሳ ሰዓት ላይ፣ እጁን ይዤ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። «ያን ብሎን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ። አንተን ከሰው ዓይን ልሸሽግ ብዬ። አስተማሪዋ ፊት ጥፋቱን ስትወስድ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ራሴን ዳበሰኝና «አንቺም ፈርተሽ ነው» አለኝ። አለቀስኩ። ራቱን በደንብ በላ።

ልንተኛ ስንል «የዚያች ልጅ ቅንድብ እንዴት ሆነ? እኔ በረሳሁት ብሎን?» አለኝ።

ሐሙስ፣ 27

ትናንት ደግሜ ነገርኩት። ዛሬም ጠዋት ነገርኩት። ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ከሰዓት በኋላ የኔ ቃል ይጠፋና የሱ ጥፋት ብቻ ይቀራል። እኔን ረስቶ ራሱን ያስታውሳል። በዚህ አያያዝ ያልሠራውን ኃጢአት ይዞብኝ ሊቀር ነው፣ ያሸከምኩትም እኔ ነኝ።

ለልጃችን ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። ለሚቀጥለው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ይዟል።

ቅዳሜ፣ 29

ማለዳ ብቻዬን ሱቁን ከፈትኩ። ነጩን ቀለም ከነቆርቆሮው አወረድኩ፣ ትልቁን ብሩሽ ያዝኩ። ከሱ መሥሪያ ጠረጴዛ በላይ፣ ቺያቤው ከተሰቀለበት ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ እንኳ በሚነበብ ፊደል ጻፍኩ፤

የአስተማሪዋን ልጅ ብሎን ያላጠበቅኩት እኔ ሚስቱ ነኝ። እሱ አልረሳም።

 ጎሚስታው ጎማውን ይዞ ቆሞ አነበበ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አራት ሰዓት ላይ አስተማሪዋ መኪናዋን የሚመረምርላት ሌላ መካኒክ ይዛ መጣች። ግድግዳውን አየች። ሁለት ጊዜ ያነበበችው መሰለኝ።

«እርስዎ የቀቡትን ቀለም አምኜ ነው ልጄን ያስቀመጥኳት» አለች።

«አዎ።»

«ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«ፈራሁ።»

«እሳቸው ግን አልፈሩም።»

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። የመጣው መካኒክ ወለሉን እየነካካ «ሃያ አምስቱ ንቅንቅ አይሉም። እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራም» አላት። እሷ ትንሽ አሰበችና «ጋሼን ይጥሯቸው» አለችኝ።

ቤት ሄጄ አመጣሁት። በር ላይ ቆሞ ጽሑፉን አነበበ። አዲሱን ብሎን በጣቱ አስገባ፤ ቺያቤው ከሚስማሩ ወርዶ እጁ ውስጥ ሲገባ ቦታውን ያውቅ ነበር። አስተማሪዋ ሁሉንም እንደገና አስጠበቀችው፣ አጠገቡ ቆማ ጮክ ብላ እየቆጠረች። ሃያ ስድስት ቀጭ። እኔ ብሩሹን ይዤ ጠበቅኩ፣ እሷ «ይቀቡ» እስክትለኝ።

ሲለያዩ ያንን የአባቷን ብሎን በጨርቁ ጠቅልሎ ሰጣት። ይህንን አልረሳም።

ሰኞ፣ 1

ዛሬ ሲገባ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ድናለች። ስፌቱም ተነስቶላታል።»

ትከሻው ወረደ። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ቺያቤውን አነሳ። ነገ ጠዋትም ይጠይቀኛል። እኔም እንደ ዛሬው፣ ገና እንደተጠየቅኩ ሆኜ፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ።